በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር

በዳርቻ ከተማ፣ ማለትም በትልቅ ከተማ ዳር ባለ የመኖሪያ ከተማ፣ እግር ለማፍታታት በተወጣ ጉዞ መጀመሪያ የሚበላሸው ሂሳቡ ነው። 4 ኪሎ ሜትር የሆነ ዙር እንያዝ፤ የስልኩ ካርታ በ50 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። ካርታው የሚያስበው ለጉዳይ የሚሄድ፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚራመድ ሰው ነው። ከተማ ሊያይ የወጣ ሰው ግን አጥር ላይ የተንጠለጠለውን አበባ ያያል፣ የበሩን ቀለም ያያል፣ ጓደኛው የጀመረውን ወሬ እስኪጨርስ ቆም ይላል። እኔ የምይዘው በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ሂሳብ መራመዱ ብቻ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል። 8 ማቆሚያ፣ በየማቆሚያው 5 ደቂቃ ሲታከልበት 2 ሰዓት ሞላ። መብራት የሚጠበቀው፣ የጫማ ክር የሚታሰረው፣ መጸዳጃ ቤት የሚፈለገው ደግሞ ሌላ 20 ደቂቃ ይበላል። «ቅርብ ናት፣ ደርሰን እንመለሳለን» የተባለችው ዙር እንዲህ አድርጋ ከሰዓቱን ትውጠዋለች።

ስለዚህ ማቆሚያዎቹን አስቀድሞ መምረጥ፣ መንገዱን ከዚያ በኋላ ማያያዝ ይሻላል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግልባጩን ነው፤ ጣቱን ካርታው ላይ አዙሮ ክብ ይሠራና የሚታየውን ነገር መንገድ ላይ አገኘዋለሁ ይላል። በዳርቻ ከተማ ይህ አያዋጣም፤ የሚታየው ነገር ተራርቆ ነው የተቀመጠው። በሁለት ጥሩ ማቆሚያዎች መካከል 700 ሜትር አንድ ዓይነት አጥርና አንድ ዓይነት ጋራዥ ከገባ ሰው ዝም ይላል፣ ቀጥሎ ስልኩን ያወጣል። ከ300 እስከ 400 ሜትር ማለትም ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ያህል የሚያስኬድ ክፍተት ሲሆን ወሬውም አይቋረጥም፣ እግሩም ይፍታታል።

አንድ ቦታ ላይ ከ7 ደቂቃ በላይ ማቆምም አልወድም። ቆሞ ማዳመጥ ከመራመድ ይበልጥ ያደክማል። ስንራመድ የባት ጡንቻ እየተኮማተረ ደሙን ከእግር ወደ ላይ ይገፋል፤ ዝም ብለን ስንቆም ይህ ግፊት ስለሚቀንስ ደሙ ወደ ታች ይጠራቀማል፣ እግርም ይከብዳል። ረዘም ያለ ነገር መናገር ካስፈለገ መቀመጫ ያለበት ቦታ ድረስ ማቆየት ነው።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልምጣ። የዳርቻ ከተማ ዕድሜውን በመንገዶቹ ላይ ጽፎ ያስቀምጣል። በባቡር የተወለደ ከሆነ ጉዞው ከጣቢያው መጀመር አለበት። ከባቡር የወረደው መንገደኛ ቤቱ የሚደርሰው በእግሩ ስለነበር ሱቁም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የመጀመሪያዎቹ ቤቶችም ጣቢያውን ከበው የ10 እና የ15 ደቂቃ መንገድ ውስጥ ተጠጋግተዋል። በትራም ያደገው ሌላ መልክ አለው፦ ሱቆቹ ረጅምና ቀጭን ሆነው ሐዲዱ የነበረበትን ጎዳና ተከትለው ይዘረጋሉ፣ ቤቶቹ ደግሞ ከዚያ በሚወጡት አጫጭር መንገዶች ላይ ይሰለፋሉ። መኪና ከመጣ በኋላ የተሠራው ሰፈር ሲደረስ ቤቱ ከመንገዱ ሸሽቶ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጋራዡ ፊት ለፊት ይመጣል፣ የእግረኛው መንገድ በአንድ በኩል ብቻ ይቀራል ወይም ድንገት ያልቃል። ከጣቢያው ወደ ውጭ 2 ኪሎ ሜትር በቀጥታ የሄደ ሰው ሦስቱንም ዘመን በተራ ሊያልፍባቸው ይችላል።

አንዳንዶቹ ከተሞች ደግሞ ከመጀመሪያው ለእግረኛ ታስበው የተነደፉ ናቸው። እንግሊዛዊው ኤቤኔዘር ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1898 ያቀረበው የአትክልት ከተማ ሐሳብ 32,000 ሰው የሚኖርበት ሆኖ ከመሃሉ እስከ ዳሩ 1.1 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ የሩብ ሰዓት መንገድ መሆኑ ነው። የእንግሊዝ ከተሞቹ ሌችወርዝ በ1903፣ ዌልዊን በ1920 በዚህ ሐሳብ ተጀመሩ። አሜሪካዊው ክላረንስ ፔሪ በ1929 ባወጣው የሰፈር ንድፍ ትምህርት ቤቱን መሃል አስቀምጦ ቤቶቹን 400 ሜትር በሚሆን ርቀት ውስጥ አደረጋቸው፣ ትልልቆቹን የመኪና መንገዶች ወደ ዳር አወጣ። 400 ሜትር የ5 ደቂቃ መንገድ ነው፤ በእኔ ሂሳብ 8 ደቂቃ።

ቺካጎ አጠገብ ያለችው ሪቨርሳይድ ግን ከእነዚህ ሁሉ ትቀድማለች። የመናፈሻ ነዳፊዎቹ ኦልምስተድና ቮክስ በ1869 ሲነድፏት መንገዶቹን ሆን ብለው አጎበጧቸው። ለዓይን ያምራል፤ ለአቅጣጫ ግን ፈተና ነው። በጎበጠ መንገድ ላይ ሰው ሳያውቀው አንድ አራተኛ ዙር ይዞራል፣ «ቀጥ ብዬ ሄጃለሁ» እያለ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ከተማ ግራና ቀኝ መቁጠር ትርጉም የለውም፤ የማይንቀሳቀስ ትልቅ ነገር መያዝ ይሻላል። እዚያ ወንዙ፣ ሐዲዱና ጣቢያው አጠገብ የቆመው የውሃ ማማ አሉ። ሐዲዱን እስካልተሻገሩ ድረስ በየትኛው ወገን እንዳሉ ይታወቃል።

ኒው ጀርሲ ውስጥ ያለችው ራድበርን ሌላ ዓይነት ወጥመድ አላት። በ1929 ስትጀመር ነዳፊዎቿ ክላረንስ ስታይንና ሄንሪ ራይት መኪናውንና እግረኛውን ለያዩዋቸው፦ መኪናው ከቤቱ በአንድ በኩል በአጭር ዝግ መንገድ ይገባል፣ እግረኛው በሌላው በኩል ባለው መናፈሻ ውስጥ ይሄዳል፣ ትልቁን መንገድ ደግሞ በስር ያልፋል። ስለዚህ አስፋልቱን ይዞ የዞረ ጎብኚ ጋራዥና የወጥ ቤት በር አይቶ፣ «ይህቺ ናት የተባለላት?» ብሎ ይመለሳል። ከተማይቱ ያለችው በጓሮ በኩል ነው።

ዝግ መንገድ ካነሳን አይቀር፣ ዳርቻ ከተማ ውስጥ ብዙውን ጉዞ የሚያበላሸው እሱ ነው። ካርታው ላይ ሁለት መንገዶች ጫፍ ለጫፍ ሊነካኩ ምንም አይቀራቸውም፤ ሲደረስ በመካከል የሰው አጥር ቆሟል። ጀርባ ለጀርባ የተሠሩ ሁለት ቤቶች 60 ሜትር ተራርቀው፣ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በእግር 900 ሜትር ሊሆን ይችላል። ከመውጣት በፊት የማደርገው ልኬት ቀላል ነው፦ የሚራመዱትን ርቀት በቀጥታው ርቀት ማካፈል። መንገዶቹ በአራት ማዕዘን በተቆራረጡበት ሰፈር ውጤቱ ቢበዛ 1.4 ነው፤ የአራት ማዕዘን ሁለት ጎን ተሂዶ ሰያፉ ከተለካ ከዚያ አያልፍም። 1.6 እና 1.7 ሲመጣ ያ ክፍል እግረኛን አስቦ እንዳልተሠራ ማወቅ ነው፤ ወይ ይዘለላል፣ ወይ በቤቶች መካከል የምታልፍ ቀጭን አቋራጭ ትፈለጋለች። በሣሩ ላይ የተረገጠ፣ አፈሩ የወጣ ቀጭን መስመር ከታየ ነዋሪው አቋራጩን አስቀድሞ አግኝቶታል ማለት ነው። ያቺ መስመር ብዙውን ጊዜ ከካርታው ትበልጣለች፣ የግል ግቢ ውስጥ ካልገባች።

መሻገሪያ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቡድን ይዞ የሚዞር ሰው ልብ የማይለው እዚህ ጋ ነው። 14 ሜትር የሚሰፋ ጎዳና አለ እንበል። የእግረኛው መብራት ጊዜ ብዙ ቦታ ሲሰላ የኖረው በሴኮንድ 1.2 ሜትር በሚራመድ ሰው ነው፤ አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ 1.07 ገደማ ዝቅ አድርገውታል። በ1.2 ሂሳብ መሻገሪያው 12 ሴኮንድ ይፈልጋል። ዘና ብሎ የሚሄድ ሰው ግን በሴኮንድ ከ0.8 እስከ 0.9 ሜትር ነው የሚጓዘው፤ 16 ሴኮንድ ገደማ ያስፈልገዋል። አሁን 12 ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ 6 ረድፍ ሠርቷል። በረድፎቹ መካከል አንድ ሜትር ከምናምን ካለ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ 6 ወይም 7 ሜትር ወደ ኋላ ናቸው፣ ሌላ 7 ሴኮንድ ጨምር። 23 ሴኮንድ። የፊተኞቹ ተሻግረው ወሬያቸውን ሲቀጥሉ የኋለኞቹ መሃል መንገድ ላይ ናቸው። መድኃኒቱ ከመሻገር በፊት ሰልፉን ማፍረስ ነው፦ ሁሉም ጠርዙ ላይ ጎን ለጎን ተዘርግቶ ይቆምና አረንጓዴው ገና ሲበራ አብሮ ይነሳል። አረንጓዴው በርቶ ከተደረሰ ግን የሚቀጥለውን መጠበቅ። አንድ ተኩል ደቂቃ ማንንም አልገደለም።

የእግረኛ መንገዱን ስፋት በዓይን መለካትም ይለመዳል። ሁለት ሰው እያወራ ጎን ለጎን የሚሄደው 1.5 ሜትር ሲኖር ነው። ከፊት የሕፃን ጋሪ ወይም ተሽከርካሪ ወንበር ሲመጣ 1.8 ካልሆነ አንዱ መውረድ አለበት። ወረቀት ላይ 1.8 የተባለው ደግሞ መሃሉ ላይ የመብራት ምሰሶ ወይም የቆሻሻ ገንዳ ቆሞበት 90 ሴንቲ ሜትር ይቀራል፤ የቆሻሻ መኪና የሚመጣበትን ቀን ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ዛፍ ያለበት መንገድ ጥላው ቢያምርም ሥሩ ንጣፉን ያነሳዋል። ሰውን የሚጥለው ትልቁ ደረጃ ሳይሆን እነዚያ 2 ሴንቲ ሜትር የተነሱ ንጣፎች ናቸው፤ ቀና ብሎ ጣሪያ የሚያይ ሰው እግሩን ብዙ አያነሳም። ስለዚህ የምናወራለት ቤት ጋ ሳንደርስ አላወራለትም፤ ቆመን ነው ሽቅብ የምናየው።

ጠርዙ ዝቅ ባለበት ቦታ የሚታዩት ቢጫ ንጣፎችም የሚነበቡ ናቸው። ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ ፈልስፏቸው በ1967 ኦካያማ ውስጥ መጀመሪያ ተነጠፉ። ክብ እብጠቶቹ «ቁም» ይላሉ፣ ረጃጅሞቹ መስመሮች «በዚህ ሂድ»። ቡድን እነሱ ላይ ተኮልኩሎ ቆሞ ሲያወራ ማየት ያናድደኛል፤ ዓይነ ስውሩ መንገደኛ ከዚያ ሌላ የሚያነበው ነገር የለም።

ማረፊያ ላይ የሚፈጸም አንድ ግፍም አለ። ፈጣኖቹ ቀድመው ደርሰው 4 ደቂቃ ያርፋሉ፣ የመጨረሻዋ እመቤት እያለከለከች ስትደርስ «በሉ እንሂድ» ይባላል። ከሁሉ የደከመው ሰው ከሁሉ ያነሰ አረፈ። እረፍቱ መቆጠር ያለበት የመጨረሻው ሰው ከደረሰበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ቀርፋፋውን ከመሪው ቀጥሎ ማስቀመጥም ይረዳል፤ ከኋላ ሆኖ ሲከተል ክፍተቱ ይሰፋል፣ ከፊት ሲሆን ሌላው ራሱ ይላመደዋል። ከ15 ሰው በላይ ከሆነ ግን ምንም ቢደረግ የኋለኛው አይሰማም።

ዳገት አያስፈራም፣ ግን ይቆጠራል። ስኮትላንዳዊው ናይስሚዝ በ1892 ያወጣው ስሌት ለ600 ሜትር ሽቅብ 1 ሰዓት ይጨምራል፤ 30 ሜትር የሚወጣ ጎዳና 3 ደቂቃ ማለት ነው፣ ለዘና ያለ ጉዞ 6 ብለው ቢይዙት ይሻላል። ዳገቱን መጀመሪያ፣ ቁልቁለቱን መመለሻ ላይ ማድረግ። ጫማ አዲስ አይሁን፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ባዶ ቦታ ይኑረው፣ አለዚያ ቁልቁለቱ ላይ ጥፍር ይመታል። ተረከዝ መሞቅ ሲጀምር ያኔውኑ ቁሞ ፕላስተር መለጠፍ ነው፣ ውሃ ከቋጠረ በኋላ ጉዞው አልቋል። ግማሽ ሊትር ውሃ ለ2 ሰዓት ይበቃል፣ ሙቀት ካለ ሁለት እጥፍ።

መመለሻው በዚያው ጎዳና ከሆነም ማዶውን ይዞ መመለስ ነው። ከሐሩር ክልል በስተሰሜን ባሉ ከተሞች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚዘረጋ ጎዳና የደቡቡ ረድፍ ቤቶች ቀትር ላይ ጥላቸውን ፊታቸው ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ይጥላሉ፤ ስለዚህ በጠዋቱ ቅዝቃዜ ፀሐይ የሚመታውን የሰሜኑን ጎን ይዞ መሄድ፣ ቀትር ሲሆን የደቡቡን ይዞ መመለስ ይቻላል። ከደቡቡ ጎን ደግሞ ጠዋት በስራቸው ያለፍናቸው የሰሜኑ ቤቶች ጣሪያና ሁለተኛ ፎቅ ገና አሁን ይታያሉ፤ ከስር ሲታለፍ አይታዩም ነበር። ለዚህኛው ተጨማሪ 10 ደቂቃ እይዛለሁ።