ስክሪኑ ስታክ ያደረገው ለምን ነበር? ከቤቴ ሲኤንሲ ጋር ያሳለፍኩት ሦስት ሳምንት

ሲኤንሲ ከኮምፒውተር በሚመጣለት ትእዛዝ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን ነው። መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ድምፁ ነው። ስፒንድሉ፣ መቁረጫውን የሚያዞረው ሞተር፣ ይዞራል፣ እንጨት የሚፍቅበት ድምፅ ግን የለም። ዞር ስል ማሽኑ ቆሟል። ቢቱ፣ ማለትም መቁረጫው፣ ዋንዛው ውስጥ እንደገባ አንድ ቦታ ላይ ይሽከረከራል፣ ከሥሩ ቀጭን ጭስ ይወጣል። ላፕቶፑ ላይ ማቆሚያውን ተጫንኩ። ምንም የለም። ደጋግሜ ተጫንኩ። ስክሪኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች እንኳ አይንቀሳቀሱም። ስታክ አድርጓል።

ሮጬ ሶኬቱን ነቀልኩ። እንጨቱ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጥቁር ጠባሳ ቀረች። ሰሌዳው ጎረቤታችን ያሉ እናት ለአዲሱ ቤታቸው በር ያዘዙኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሽኑ ኮረንቲ ማጥፊያ እጄ በሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። ላፕቶፕ ላይ ያለ የማቆሚያ ቁልፍ የሚሠራው ላፕቶፑና ማሽኑ እስከተነጋገሩ ድረስ ብቻ ነው። እሳት የሚነሳው ደግሞ መነጋገር ያቆሙ ጊዜ ነው።

ማሽኔ 3018 የሚባለው ትንሹ ነው። ቁጥሩ የሚሠራበትን ስፋት ይናገራል፣ 30 በ18 ሴንቲሜትር። ማሽኑን የሚያዘው ቦርድ ላይ ያለው ፕሮግራም ጂአርቢኤል ይባላል። ሲመን ስቫሌ ስኮግስሩድ የተባለ ኖርዌያዊ እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው ነፃ ፕሮግራም ነው፣ እኔም ጭምር ቤት ውስጥ የምንሠራ ብዙ ሰዎች የቆምነው በእሱ ነው። ቦርዱን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘው አንድ የዩኤስቢ ኬብል ነው። ያቺ ኬብል ብዙ ነገር ተሸክማለች፣ ያኔ ግን አላሰብኩባትም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ያባከንኩት ሁሉንም ነገር አንድ ላይ በመቀየር ነው። ድራይቨሩን፣ ላፕቶፑ ቦርዱን እንዲያውቅ የሚያደርገውን ፕሮግራም፣ አጥፍቼ ጫንኩ፣ የመቆጣጠሪያ ፕሮግራሙን በሌላ ቀየርኩ፣ ማሽኑ የት እንደሚሄድ የሚነግረውን የጂ-ኮድ ፋይል እንደ አዲስ አወጣሁ፣ ፍጥነቱን ቀነስኩ፣ ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት። በማግስቱ አንድ ሥራ ሳይቆም ያልቃል፣ ተገላገልኩ እላለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እንደገና ድርቅ ይላል። የቱ እንደጠቀመ፣ የቱ እንዳልጠቀመ ማወቅ አልቻልኩም። እማማ በአጥር በኩል «ልጄ፣ ሰሌዳዬ ደረሰ?» ይሉኛል። «ትንሽ ይታገሱኝ እማማ፣ ማሽኑ አስቸግሮኝ ነው» እላለሁ። «አይዞህ፣ ቤቱ የትም አይሄድም» ይሉኛል። የእሳቸው ትዕግሥት ነው ይበልጥ እንቅልፍ የነሳኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ደብተር ገዛሁ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር፣ የሆነውን ከነሰዓቱ መጻፍ። ሦስት ቀን ሳይሞላ አንድ ነገር ገባኝ። እኔ «ስታክ አደረገ» የምለው ነገር አንድ ችግር አልነበረም። የተለያዩ ነገሮች ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት መልክ ይዘው ይመጡ ነበር።

ለምሳሌ ማሽኑን ነቅዬ ስመልስ ፕሮግራሙ ፖርቱን፣ ከቦርዱ ጋር የሚነጋገርበትን መስመር፣ መክፈት አልቻልኩም ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቅድሙ ፕሮግራም የተዘጋ ይምሰል እንጂ ከጀርባ እየሠራ ፖርቱን ይዞታል። ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀር ገብቶ እሱን መዝጋት ነው። ፖርቱ ጨርሶ ካልታየ ደግሞ ዲቫይስ ማናጀርን ከፍቶ ኬብሉን ነቅሎ መሰካት ነው። የእኔ ቦርድ ላይ የዩኤስቢውን ግንኙነት የሚይዘው ቺፕ ሲኤች340 ስለሆነ በዚያ ስም ኮም 3 በሚባለው ፖርት ላይ ብቅ ይላል። ብቅ ካለ ላፕቶፑ ቺፑን አይቶታል ማለት ነው።

ሌላው ደግሞ ተገናኝቶም ቁልፎቹ ሁሉ ግራጫ ሆነው የሚቀሩበት ነው። አንድ ሙሉ ምሽት በዚህ አልቋል። ብልሽት አልነበረም። ሊሚት ስዊች፣ ማሽኑ ጫፍ ሲደርስ የሚጫን ማብሪያ፣ ስለገጠምኩለትና ሆሚንግ፣ ማለትም መነሻ ማዕዘኑን ፈልጎ ማግኘቱን፣ ስለከፈትኩ ቦርዱ በተነሳ ቁጥር ራሱን ይቆልፋል፣ ያለበትን ስለማያውቅ። የዶላር ምልክትና ኤች ብሎ ሆም ማድረግ ነው፣ ወይም ቦታው ግድ ካልሰጠ የዶላር ምልክትና ኤክስ ብሎ መክፈት።

ያን ጊዜ የለመድኩት ነገር እስከ ዛሬ ይጠቅመኛል። ቁልፎቹን ትቼ ትእዛዝ መጻፊያው ላይ ጥያቄ ምልክት ብቻ እልካለሁ። ቦርዱ ደህና ከሆነ ወዲያው ሁኔታውንና ያለበትን ቦታ ይመልሳል። ከመለሰ ችግሩ ትእዛዙ ወይም ቁልፊያው ነው። ዝም ካለ ግንኙነቱ ነው።

ዋንዛውን ያቃጠለው ጊዜ ዝም ያለው ነው። አሠራሩን ስረዳ ነገሩ ፍንትው አለልኝ። ፕሮግራሙ አንድ መስመር ይልካል፣ ቦርዱ «እሺ» ይላል፣ ሌላ ይልካል። ቦርዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 128 ፊደል ብቻ ስለሆነ ፕሮግራሙ እሺታውን እየቆጠረ ነው የሚልከው። በመሃል ግንኙነቱ ለቅጽበት ከተቆረጠ እሺታው አይደርስም። ፕሮግራሙ የማይመጣውን እየጠበቀ ይቀራል። ቦርዱ በበኩሉ የያዘውን ጨርሶ ይቆማል፣ ስፒንድሉን አጥፋ ያለው ስለሌለ ግን ስፒንድሉ መዞሩን ይቀጥላል።

ታዲያ ግንኙነቱን የሚቆርጠው ምንድን ነው? ያንኑ ፋይል ስፒንድሉን አጥፍቼ በአየር ላይ አስኬድኩት። 40 ደቂቃ ሙሉ አንድም ጊዜ አልቆመም። ደገምኩት፣ አልቆመም። ቀጥሎ ስፒንድሉን አብርቼ፣ ቢቱ እንጨት ሳይነካ፣ በአየር ላይ። 10 ደቂቃ ሳይሞላ ስክሪኑ ደረቀ። ፋይሉም ድራይቨሩም ንጹህ ናቸው ማለት ነው። ሞተሩ ነው የሚረብሸው። ብራሽ ያለው የዲሲ ሞተር ሲዞር ብራሹ ላይ ጥቃቅን ብልጭታ አለ፣ ብልጭታው ረብሻ ይፈጥራል፣ ረብሻው አጠገቡ የተዘረጋው ኬብል ውስጥ ይገባል። እኔ ደግሞ ለመልክ ብዬ የዩኤስቢውን ኬብልና የሞተሩን ሽቦ አንድ ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ አስሬያቸው ነበር።

ደብተሩ ሌላም ነገር አሳየኝ። የላፕቶፑ ቻርጀር ተሰክቶ ሲሆን ማሽኑ ቶሎ ቶሎ ይቆማል፣ በባትሪ ብቻ ሲሆን ይቆያል። ያ ላፕቶፕ ብረቱን ስነካው ድሮም ትንሽ ይነዝረኝ ነበር፣ ለምጄው ትቼዋለሁ። የሰፈራችንን ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ። በቴስተር ከላፕቶፑ ብረት እስከ ውሃ ቧንቧው ለካ፣ መቶ ቮልት ገደማ አሳየ። ሶኬቱን በካቻቪቴ ፈታው። የሚያፈተልክ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስደው ቢጫና አረንጓዴው የኧርዝ ሽቦ ግድግዳው ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል፣ ጫፉ እንኳ አልተላጠም። ከኋላ አንዲት ቀዳዳ ባዶዋን ቀርታለች። ያን ሳይ በጣም ነው የተናደድኩት። ልጆች የሚነኩት ሶኬት ነው።

ኧርዙን አገናኘልን፣ ዋናው ኧርዝ መሬት መድረሱንም ፈተሸ። እኔ ኬብሎቹን ለያየሁ፣ መገናኘት ካለባቸው መስቀለኛ ሆነው እንዲያልፉ አደረግሁ። ረጅሙን ኬብል አንድ ሜትር በሆነ፣ ሺልድ፣ ማለትም ረብሻ የሚከላከል ሽፋን፣ ባለው ቀየርኩ። ከምናለሽ ተራ የገዛሁት የአሮጌ ሞኒተር ኬብል ላይ ጫፉ አካባቢ የሚያብጠው ጥቁር ነገር አለ አይደል፣ እሱን ፈልቅቄ ውስጡ ያለውን ረብሻ የሚያፍነውን ፌራይት አዲሱ ኬብል ላይ አጠለቅሁት። ሞተሩ ሁለት ጫፍ ላይ 104 የሚል የተጻፈባት ረብሻውን የምትቀንስ ትንሽ የሴራሚክ ካፓሲተር በየድኩ። ላፕቶፑ ዩኤስቢውን ለኃይል ቁጠባ እንዳያስተኛውም ከኃይል ማስተካከያው ዘጋሁ። እነዚህንም በአንድ ቀን አላደረግኳቸውም፣ እያንዳንዱን እየሞከርኩ እየጻፍኩ ነው። ትልቁን ለውጥ ያመጡት ኧርዙና ኬብሎቹን መለያየቱ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሥራ መሃል ላይ ለተቋረጠባችሁ። ፖርቱ እንደገና ሲከፈት ቦርዱ ሪሴት ያደርጋል፣ የነበረበትንም ይረሳል። ዜሮውን፣ ማለትም የሥራውን መነሻ ነጥብ፣ በጂ92 ትእዛዝ ከያዛችሁ አብሮ ይጠፋል። በጂ10 ኤል20 ከያዛችሁት ግን ቦርዱ ላይ ይቀመጣል፣ ሆም ስታደርጉ ያው ማዕዘን ላይ ትመለሳላችሁ። ከመሃል ስትቀጥሉ የፋይሉን መግቢያ መስመሮች፣ በሚሊሜትር ለካ የሚለውን ጂ21ን፣ ቦታን ከዜሮው ቁጠር የሚለውን ጂ90ንና ስፒንድል የሚያስነሳውን ኤም3ን፣ አትቁረጡ። ቢቱንም መጀመሪያ ወደ ላይ አንሱት።

ሰሌዳውን በአዲስ ዋንዛ ሠራሁት። አጠገቡ ቆሜ አንድ እጄ ማጥፊያው ላይ፣ 40 ደቂቃ። አልቆመም። እማማ በራቸው ላይ ሲያሰቅሉት የሶኬቱን ነገር ነገርኳቸው። እሳቸው ቤትም ፍሪጁ ሲነኩት ይነዝራል አሉኝ። ኤሌክትሪሺያኑ ቅዳሜ ጠዋት ይመጣላቸዋል።