ራሴ ላይ የያዝኩት ቂም

ይሄን ነገር ለመጻፍ ስንቴ ጀምሬ ትቼዋለሁ፣ ዛሬ ግን ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ በስልኬ ጀመርኩት።

እህቴ ቤሩት ሰው ቤት እየሰራች ለ20/80 ኮንዶሚኒየም ቁጠባ ብላ በየወሩ ብር ትልክልኝ ነበር፣ በኔ ስም ነው የምትልከው፣ ታላቋ ስለሆንኩ አምናኝ። 2011 ላይ ቤቲንግ ጀመርኩ፣ መጀመሪያ በራሴ ብር ነበር፣ ከዛ አንድ ቲኬት ብቻ ልብላና እመልሰዋለሁ እያልኩ የሷን ነካሁ፣ ከዛ በኋላማ መቁጠሩንም ተውኩት። 2012 ላይ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሰሪዎቹ ሴቶቹን ቆንስላው በር ላይ እያወረዷቸው ሲሄዱ እሷም ከነሱ አንዷ ሆና በአንድ ፌስታል ልብስ መጣች። በሶስተኛው ቀን "ጋሽዬ እስቲ ደብተሩን አሳየኝ" አለችኝ። 180 ሺህ ብር መሆን የነበረበት 412 ብር ነው ያለው። አልጮኸችም፣ ደብተሩን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችውና ዝም አለች።

ቤቲንጉን ተውኩ፣ ንስሐ ገባሁ። የነፍስ አባቴ ጾምና ስግደት ብቻ አልሰጡኝም፣ ዘኬዎስ የበደልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ እንዳለ ነገሩኝና "አንተ አራት እጥፍ ባትችል የወሰድከውን መልስ" አሉኝ። ይሄ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፣ የሰው ገንዘብ ይዞ እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛል ማለት አይሆንም። በየወሩ ከደሞዜ መስጠት ጀመርኩ፣ እሷም ስለ እግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ አለችኝ።

እኔ ግን አልለቀቀኝም። ንስሐ አባቴ ጋ በሄድኩ ቁጥር ያንኑ ኃጢአት እናገራለሁ፣ ቅዳሴ ላይ ሰው ሲቆርብ እኔ ከኋላ ቆሜ አያለሁ፣ እህቴ ስታስቀኝ እንኳን መሬት መሬት ነው የማየው፣ እንደዛ መሆኔ እሷን ማክበር ይመስለኝ ነበር።

ዘንድሮ ስቅለት እለት ስንሰግድ ውለን መጨረሻ ላይ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጠብ ጠብ እያደረጉ ስግደት ሲያዙ ተሰልፌ ንስሐ አባቴ ጋ ደረስኩና አሁንም ያንኑ ነገርኳቸው። ቅጠሉን እንደያዙ ቆሙ።

"ልጄ፣ ሰው ላይ ቂም ይዞ መቁረብ ይቻላል?"

"አይቻልም አባቴ"

"ታዲያ አንተ ራስህ ላይ ስንት ዓመት ያዝክ? ምሥራቅ ከምዕራብ እንደሚርቅ ኃጢአታችንን ከእኛ አራቀ እያልክ መዝሙረ ዳዊት ትደግማለህ፣ እሱ ያራቀውን አንተ ሄደህ ታመጣዋለህ። ይሄ ትሕትና አይደለም፣ አለማመን ነው። 12 ስገድ፣ ለብሩ ሳይሆን ስላላመንከው።"

ጫማዬን በእጄ ይዤ እያለቀስኩ ነው ቤት የገባሁት። ማታ ለእህቴ ስነግራት "ጋሽዬ እኔ ብሩን አጣሁ፣ በዛ ላይ ወንድሜንም ልጣ?" አለችኝ፣ ለካ እኔ በጸጸቴ ውስጥ ተቀብሬ እሷን ብቻዋን ትቻት ነበር።

ለትንሣኤ ሌሊት ቆረብኩ። አሁንም ቤቲንግ ቤት በር ላይ ሳልፍ ልቤ ድክም ይላል፣ ያኔ አባታችን ሆይን እደግማለሁ፣ "እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል" ላይ ስደርስ የራሴን ስም አስገባለሁ።

ገና 60 ሺህ ይቀረኛል። ትናንት የዚህን ወር 3 ሺህ በቴሌብር ላኩላት፣ "ደርሶኛል ጋሽዬ፣ እሁድ ቡና አፈላለሁ እንዳትቀር" ብላ መለሰችልኝ።