ሁለት ቀን በሌይደን፣ ከቅዝቃዜ ጌቶች ሰፈር

ቴርሞዳይናሚክስ፣ ማለትም የሙቀትን ሳይንስ፣ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። የጋዝን ግፊት፣ ይዘትና ሙቀት የሚያያይዘውን የቫን ደር ዋልስን እኩልዮሽ በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌ እንዳጠፋሁ ባላውቅም፣ ሆላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1873 የዶክትሬት ጽሑፉን ያቀረበባትን ሌይደንን ያየሁት ግን ባለፈው ኅዳር ነው። ለስብሰባ ወደ ኔዘርላንድስ ሄጄ ሁለት ቀን ስለተረፈኝ ከስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ባቡር ተሳፈርኩ። ሃያ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ መንገድ ነው፤ ጨለማና ዝናብ ስለነበር ያየሁት ነገር የለም።

ያረፍኩበት የእንግዳ ቤት ለአንድ ሌሊት 95 ዩሮ አስከፍሎኝ ማሞቂያው እስኪነጋ ሳይሞቅ አደረ። የኪስ ቴርሞሜትር ይዤ የምጓዝ ሰው ነኝ (ባለቤቴ ሁልጊዜ ትስቅብኛለች)፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ካፖርቴን ደርቤ ሳነበው 13 ዲግሪ ይላል። ጠዋት ለአስተናጋጇ ስነግራት፣ «ማታውኑ ደውለው ቢነግሩን ኖሮ» አለችኝ። ሰው በእኩለ ሌሊት መቀስቀስ ነውር ነው ተብዬ ማደጌን ለማስረዳት አልሞከርኩም፤ ከሒሳቡም የተቀነሰልኝ ነገር አልነበረም። ያቀረበችልኝ ሻይ ደግሞ ምላሴን ላጠው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል እምብዛም በማትርቀው ሌይደን ግን 100 ሳይደርስ አይፈላም፤ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የምነግረውን ይህን ነገር ምላሴ አያውቀውም ነበር።

ቀኑ ሰኞ ነበር፤ ልጎበኘው የመጣሁት ቡርሃቨ የተባለው የሳይንስ ታሪክ ሙዚየም ሰኞ ሰኞ ዝግ መሆኑን ያወቅሁት በሩ ላይ ደርሼ ነው። ጥፋቱ ሳያጣራ የመጣው የእኔ ስለሆነ በግድግዳው ላይ የተሳለውን የአይንስታይንን የስበት እኩልዮሽ ትንሽ ቆሜ አይቼ ወደ ስቴንስኩር ቦይ ሄድኩ። ሂሊየም የተባለውን ጋዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፈሳሽ የለወጠው የፊዚክስ ሊቅ ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ ከ1882 ጀምሮ በፕሮፌሰርነት የሠራበት ቤተ ሙከራ ያለው እዚያ ነው። ሕንፃው ዛሬም ስሙን እንደያዘ የሕግ ፋኩልቲ ሆኗል። በር ላይ ያገኘኋት ተማሪ ሰውየው ማን እንደነበረ ስጠይቃት «ከበረዶ ጋር የተያያዘ ነገር የሠራ ይመስለኛል» አለችኝ፤ መልሱ ብዙም አልራቀም።

ቦታው ራሱ ታሪክ አለው። በጥር ወር 1807 ባሩድ የጫነ ጀልባ እዚህ ፈንድቶ ሰፈሩን አውድሞታል፤ ቤተ ሙከራው በኋላ የተሠራው በዚያው ባዶ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ በ1890ዎቹ አጋማሽ ኦነስ የታመቀ ጋዝ በከተማው መካከል እንደሚያከማች ሲሰማ ነዋሪው ደነገጠ፤ ፈቃዱ እስኪለይለትም የማቀዝቀዝ ሥራው ለሦስት ዓመት ያህል ተገታ። እኔ የአንድ ጋዝ ሲሊንደር ግዢ ስድስት ወር ሲጓተትብኝ የተናገርኩትን አስታውሼ አፈርኩ።

ማክሰኞ ጠዋት የሙዚየሙ በር ሲከፈት የመጀመሪያው ጎብኚ እኔ ነበርኩ። አንድ በዕድሜ የገፉ በጎ ፈቃደኛ አስተማሪ መሆኔን ሲሰሙ ሌላውን ክፍል ሁሉ አሳልፈው በቀጥታ ኦነስ ሂሊየምን ፈሳሽ ወዳደረገበት መሣሪያ ወሰዱኝ። በመጽሐፍ ሥዕል ሳየው ትልቅ ፋብሪካ ይመስለኝ የነበረው መሣሪያ ልቡ አንዱ በሌላው ውስጥ የተሰገሰገ የመስታወት ዕቃ ነው። ከመሃል ሂሊየም፣ በዙሪያው ፈሳሽ ሃይድሮጅን፣ ከዚያ ፈሳሽ አየር፣ ከሁሉም ውጪ ደግሞ መስታወቱ ውርጭ እንዳይለብስ አልኮል። ድርድሩ ለጌጥ አይደለም፤ ሂሊየም በተራ ሙቀት ሳለ በጠባብ ቧንቧ ሲለቀቅ ከመቀዝቀዝ ይልቅ ይሞቃል፤ መቀዝቀዝ የሚጀምረው አስቀድሞ ከ40 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 233 ዲግሪ ሴልሺየስ) አካባቢ በታች ከወረደ ነው። ሃይድሮጅኑ ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ እሱንም ግፊቱን በፓምፕ ዝቅ አድርገው በማፍላት ወደ 15 ኬልቪን አወረዱት፤ ከፍታ በአዲስ አበባ ድስት ላይ የሚሠራውን ሥራ እዚህ ፓምፑ ሠራው ማለት ነው።

ሽማግሌው ታሪኩን በራሳቸው ላይ እንደደረሰ አድርገው ነው የሚያወሩት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1908 በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ገና ሌሊት 11 ሰዓት ከ45 ላይ ሥራ ተጀመረ። ሂሊየሙ የኦነስ ወንድም ኦኖ ከአሜሪካ ባስመጣለት ሞናዛይት ከተባለ አሸዋ የተለቀመ ስለነበር እንደ ወርቅ ነው የሚቆጠረው። ወደ ምሽት ቴርሞሜትሩ ከአንድ ቦታ አልንቀሳቀስ አለ፤ የመጨረሻው ሃይድሮጅንም እያለቀ ነበር። ሊጠይቅ ጎራ ያለው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሽራይነማከርስ፣ ንባቡ የቆመው ምናልባት ቴርሞሜትሩ ፈሳሽ ውስጥ ስለገባ ይሆን እንዴ ብሎ አሳሰበ። ከሥር መብራት ሲያበሩ የፈሳሹ ገጽ እንደ ቢላዋ ስለት ጠርቶ ታየ፤ መጠኑ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ አንድ ሲኒ ቡና ያህል ነበር።

ሽማግሌው ግን ከኦነስ ይልቅ የሚያደንቁት መስታወቱን የነፉትን ባለሙያዎችና የዎርክሾፑን አለቃ ኸሪት ፍሊምን ነው። ኦነስ የመሣሪያ ሠሪዎች ማሠልጠኛም አቋቁሞ ስለነበር ሰማያዊ ካባ የለበሱ ልጆች በቤተ ሙከራው ውስጥ ይርመሰመሱ ነበር። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1911፣ ባዜቃ በ4.2 ኬልቪን አካባቢ የኤሌክትሪክ መቋቋሙን ድንገት ሲያጣ የታየውም በእነዚሁ እጆች በተሠራ ዕቃ ውስጥ ነው። የ1913ቱ ኖቤል የተሰጠው ለአንድ ሰው፣ ለኦነስ፣ ብቻ መሆኑን ሲነግሩኝ ትከሻቸውን ሰበቁ።

ከሰዓት በኋላ የዘመኑን የፊዚክስ ሕንፃዎች ከውጭ አየሁ። ሁለት ዓይነት ሂሊየምን በመደባለቅ ከአንድ ኬልቪን ሺህኛ ጥቂት እጅ ድረስ የሚያወርደው ማቀዝቀዣ፣ ዛሬ ብዙዎቹ የኳንተም ኮምፒውተሮች የሚሠሩበት፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው በዚችው ከተማ ነው። ወደ ውስጥ ለመግባት ቀጠሮ ያስፈልግ ስለነበር በመስኮት አጮልቄ ያየሁት አንድ ወጣት ወለል ላይ ተንበርክኮ የቧንቧ መጋጠሚያ በመፍቻ ሲያጠብቅ ብቻ ነው። ዝናቡ ሲበረታ ወደ ባቡር ጣቢያው ሮጥኩ።