የስታር ትሬክን ዱካ በሌሎች ፊልሞች ውስጥ እንዴት እንደምከተል

የምተዳደረው በደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር በመጠገንና ለደንበኞች ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ፊልም በመጫን ነው። የቱርኩ ድራማ፣ የህንዱ ፊልም፣ የኮሪያው ተከታታይ፣ የልጆች ካርቱን ሳይቀር በእጄ ስለሚያልፍ ከብዙ ሰው የበለጠ የማየት ዕድል አለኝ፤ ይህ ዕድል ባይኖር ኖሮ ከዚህ በታች የምገልጸው ልማድ ባልያዘኝ ነበር። ልማዱም ስታር ትሬክ የተባለው የአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ በሌሎች ፊልሞችና ካርቱኖች፣ ከፊልም ውጭ ባሉ ነገሮችም ጭምር፣ የት የት እንደተጠቀሰ እየፈለጉ መመዝገብ ነው።

ጂን ሮደንቤሪ የፈጠረው ይህ ተከታታይ በኤንቢሲ ጣቢያ መታየት የጀመረው በ1966 ሲሆን (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሦስት ሲዝን፣ 79 ክፍል ታይቶ በ1969 ተቋረጠ። እኔ ዘንድ ግን ዋናው ከመድረሱ በፊት በእሱ ላይ የሚቀልዱት ቀድመው ደረሱ። የሳተላይት ዲሽ ባስገባንበት ዘመን ከአረብ ጣቢያዎች በማያቸው ኮሜዲዎች ውስጥ ሾጣጣ ጆሮ ያለው ሰው ብቅ ይላል፣ ቀይ ሸሚዝ የለበሰው ሰው ገና ሲታይ ሌሎቹ ያዝኑለታል፣ ክፉ መንትያ ሁልጊዜ ፂም አለው፤ የሚሳቅበት ነገር እንዳለ ይገባኛል፣ ምን እንደሆነ ግን አይገባኝም። ኋላ አንድ ደንበኛ ሊያስጠግነው ባመጣው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ዋናውን አገኘሁትና አስፈቅጄው ገለበጥሁ። (አስፈቅጄ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በእኛ ሥራ የሰው ፋይል መነካካት ደንበኛ ያሳጣል።) እንግዲህ ሌላው ሰው ዋናውን አይቶ ጥቅሻውን (አንድ ሥራ ሌላውን ሲጠቅስ ማለቴ ነው) ኋላ ሲያገኝ፣ እኔ ጥቅሻውን ይዤ ዋናውን ፈለግሁ ማለት ነው። እያንዳንዱ ክፍል ባለቤቱ ያልታወቀ የቆየ ቀልድ ባለቤት ሆኖ ይመጣልኝ ነበርና፣ ማስታወሻ ደብተር የያዝሁት ያን ጊዜ ነው።

በደብተሩ መጀመሪያ ላይ የጻፍሁት ያገኘሁትን ጥቅሻ ሳይሆን የተከታታዩ ብቻ የሆነውን ነገር ነው። ይህን ቅደም ተከተል ለሚጀምር ሰው ሁሉ እመክራለሁ፤ አለበለዚያ የጠፈር መርከብ ያለበት ፊልም ሁሉ ስታር ትሬክን የጠቀሰ ይመስላል። በ1967 በታየው «ሚረር፣ ሚረር» በተባለው ክፍል የጠፈር መርከቡ የኢንተርፕራይዝ አዛዥ ካፒቴን ከርክና ባልደረቦቹ ወደ ሌላ ትይዩ ዓለም ይሻገራሉ፤ በዚያ ዓለም ሁሉም ጨካኝ ነው፣ ሾጣጣ ጆሮ ያለው የካፒቴኑ ባልደረባ ስፖክም በዚያ ፂም አለው። ፂም ብቻውን ምንም አይደለም፤ ትይዩ ዓለም ብቻውንም ከተከታታዩ በፊት በልብ ወለድ የነበረ ሐሳብ ነው። ፂሙ፣ ትይዩው ዓለምና የጠባይ መገልበጡ በአንድ ላይ ሲገጥሙ ግን ጥርጣሬ የለም። ሳውዝ ፓርክ የተባለው ካርቱን በ1998 ይህንኑ ገልብጦ የባለጌው ልጅ አምሳያ ፂም ያለው፣ ግን እጅግ ትሑት አድርጎ አመጣው፤ ኮሚዩኒቲ የተባለው ኮሜዲ ደግሞ በ2011 ገጸ ባሕርያቱ ከጨርቅ ፂም ቆርጠው እንዲለጥፉ አደረገ። ሁለተኛው ለእኔ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ሰዎቹ ራሳቸው ምን እየጠቀሱ እንደሆነ እያወቁ ነው የሚለጥፉት።

ፍለጋውን በእጅጉ ያቀለለልኝ ሰብታይትል ነው። ብዙው ፊልም ወደ እኔ የሚመጣው ከእንግሊዝኛ የጽሑፍ ፋይል ጋር ነው፤ ያ ፋይል ደግሞ በማንኛውም ተራ የጽሑፍ ፕሮግራም የሚከፈት ነው። ሲከፈት ተራ ቁጥር ይታያል፣ ከሥሩ ንግግሩ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ሰዓት እስከ ሴኮንድ ሽራፊ ድረስ፣ ከዚያ ሥር የተባለው ነገር፣ ቀጥሎ አንድ ባዶ መስመር፣ ከዚያም ሌላ ተራ ቁጥር። እኔ ፋይሎቹን በሙሉ አንድ ፎልደር ውስጥ አከማችቼ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስፈልጋለሁ። ቃሉ የተገኘበትን ፋይል ስምና መስመር ዘርዝሮ ሲያመጣልኝ፣ ሰዓቱን አይቼ ፊልሙን እዚያው ደቂቃ ላይ እከፍተዋለሁ። ሙሉ ፊልም ሳያዩ የምትፈለገዋን ግማሽ ደቂቃ ብቻ ማየት፣ በተለይ መብራት ሊሄድ ይችላል ተብሎ በሚሠራበት ሱቅ፣ ትልቅ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ የትኛው ቃል መፈለግ እንዳለበት መምረጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። «ኢንተርፕራይዝ» ብለህ ብትፈልግ ስለ ንግድ ድርጅት የሚያወራ ፊልም ሁሉ ይጎርፍብሃል። የመርከቡ መሐንዲስ ስም የሆነው «ስኮቲ» በማንኛውም ሰፈር ያለ የፈረንጅ ልጅ ስም ነው። «ስፖክ» አስተማማኝ ይመስላል፤ ሆኖም ቤንጃሚን ስፖክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ስለ ሕፃናት አያያዝ የጻፈው መጽሐፍ በ1946 ታትሞ እጅግ ስለታወቀ፣ አንዲት እናት በፊልም ውስጥ «ዶክተር ስፖክ እንዲህ ይላል» ካለች ስለ ልጅ አስተዳደግ ማውራቷ ነው። ከሁሉ ንጹሑ «ክሊንጎን» ነው። ተከታታዩ የፈጠረው የጦረኛ ሕዝብ ስም በመሆኑ ሌላ ትርጉም የለውም፤ ማርክ ኦክራንድ የተባለው የሥነ ልሳን ባለሙያም ለሕዝቡ የሚነገር ቋንቋ ሠርቶ መዝገበ ቃላቱን በ1985 አሳትሟል። ኪል ቢል የተባለው የ2003 ፊልም ሲከፈት በማያ ገጹ ላይ የሚታየው ጽሑፍ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። «በቀል ቀዝቅዞ ሲቀርብ የሚጥም ምግብ ነው» የሚለው አባባል ራሱ ከስታር ትሬክ በፊት የነበረ ነው፤ ስለዚህ ማንም ቢናገረው ማስረጃ አይሆንም። ከአባባሉ ሥር ግን «ጥንታዊ የክሊንጎን ተረት» ተብሎ ተጽፏል። በ1982 በወጣው ሁለተኛው የስታር ትሬክ ፊልም ውስጥ ካን የተባለው ባለ በቀል አባባሉን የክሊንጎኖች ነው ብሎ ስለጠቀሰው፣ ማስረጃዬ አባባሉ ሳይሆን ከሥሩ ያለችው አጭር መስመር ናት።

ሰብታይትል የማይይዘው ነገር ደግሞ ብዙ ነው። በ1967 «አሞክ ታይም» የተባለው ክፍል ሲታይ ከርክና ስፖክ በስፖክ የትውልድ ፕላኔት ላይ ለሞት ይፋለማሉ፤ ለዚያ ፍልሚያ ጄራልድ ፍሪድ የደረሰው ሙዚቃ በብዙ ቦታ ተደጋግሟል። ዘ ኬብል ጋይ በተባለው የ1996 ፊልም ጂም ካሪ ከጓደኛው ጋር በጦር መሣሪያ ሲጋጠም ያንን ዜማ በአፉ ያዜማል፤ ፊውቹራማ የተባለው ካርቱን ደግሞ በ2000 የአንድ ፕላኔት ብሔራዊ መዝሙር አድርጎ፣ ሰዎች እንዲቆሙለት አደረገ። በጽሑፍ ፋይሉ ላይ ቢገኝ «ሙዚቃ» የሚል ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ጆሮዬን ማሠልጠን ነበረብኝ፤ ይህ ደግሞ ለወሎ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ማሲንቆው ገና ሁለት ሦስቴ ሲሳብ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት «አምባሰል ነው» የሚል ሰው በየሠርጉ ቤት አለ፤ ግጥሙ ተለወጠ፣ ዘፋኙ ተለወጠ፣ ቅኝቱ ግን አይደበቅም። እኔም ያንን የፍልሚያ ሙዚቃ ብቻውን፣ ሥዕሉን ዘግቼ፣ ሥራ እየሠራሁ ደጋግሜ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ ስልክ ስፈታ እንኳ ዜማው ሲመጣ እዞራለሁ።

ከዚህም የሚረቅ አለ። ጋላክሲ ክዌስት የተባለው የ1999 ፊልም የስታር ትሬክን ስም አንድም ጊዜ ሳያነሳ ከላይ እስከ ታች ስለ ስታር ትሬክ የተሠራ ነው። በውስጡ አንድ ተዋናይ አለ፤ በቀድሞው ተከታታይ ውስጥ በአንድ ክፍል ብቻ ታይቶ ማስታወቂያው ሳይገባ የሞተ ገጸ ባሕርይ ተጫውቷል፤ አሁን በእውነተኛ ጠፈር ላይ ሲገኝ «የእኔ ገጸ ባሕርይ እኮ የአባት ስም እንኳ የለውም» እያለ በፍርሃት ይርበተበታል። ይህ ቀይ ሸሚዝ ለብሰው ከመርከቡ ይወርዱና ወዲያው ይሞቱ ለነበሩት የጥበቃ ሠራተኞች የተሰጠ መልስ ነው፤ ሆኖም ቀልዱ እንዲገባ የሰውየው ሞትን መፍራት ይበቃል እንጂ ቀይ ሸሚዝ አያስፈልግም። ለእኔ የጥቅሻዎች ሁሉ አለቃ ይህ ነው፤ የሚያውቅ ይስቃል፣ የማያውቅም ሳይጎድልበት ይስቃል።

ከፊልም ወጥቼ ወደ ዓለም ስመጣ ያስተዋልሁት ነገር ማን ማንን እንደጠቀሰ ዓመተ ምሕረት ሳይመለከቱ መናገር እንደማይቻል ነው። ኢንተርፕራይዝ ከተከታታዩ በፊት የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከቦች ስም ነበር፤ በኑክሌር የሚንቀሳቀሰው የአውሮፕላን ተሸካሚ በዚህ ስም አገልግሎት የጀመረው በ1961 ነው። ተከታታዩ ስሙን ከዚያ ወሰደ። ቀጥሎ ናሳ የመጀመሪያውን የጠፈር ማመላለሻ ኮንስቲትዩሽን ሊለው አስቦ ሳለ የተከታታዩ አፍቃሪዎች ለፕሬዚዳንት ፎርድ ደብዳቤ አጎረፉና በ1976 ኢንተርፕራይዝ ተብሎ ወጣ፤ አብዛኞቹ ተዋንያንም በሥነ ሥርዓቱ ላይ ቆመው ፎቶ ተነሡ። ማመላለሻው በከባቢ አየር ውስጥ ለሙከራ ከመብረር በቀር ጠፈር አልደረሰም። በ2001 የጀመረው ሌላው የስታር ትሬክ ተከታታይ ደግሞ በመክፈቻው ምስሎች መካከል ያንኑ ማመላለሻ አሳየ። መርከብ ተከታታዩን፣ ተከታታዩ ማመላለሻውን፣ ማመላለሻው እንደገና ተከታታዩን ወለደ፤ በደብተሬ ላይ ይህን ለመመዝገብ ቀስት መሣል ግድ ሆነብኝ።

በካናዳ አልበርታ ግዛት ቮልካን የምትባል ትንሽ ከተማም አለች። ስሟ ከሮማውያን የእሳት አምላክ የመጣና ከተከታታዩ እጅግ የቀደመ ነው፤ ነገር ግን ከስፖክ ፕላኔት ስም ጋር በመግጠሙ ከተማዋ በ1995 በመግቢያዋ ላይ የጠፈር መርከብ ቅርጽ አቆመች። ስለዚህ ስሙ ጥቅሻ አይደለም፣ ሐውልቱ ጥቅሻ ነው። የስፖክ የእጅ ሰላምታም እንዲሁ ነው፤ ስፖክን የተጫወተው ሊዮናርድ ኒሞይ በልጅነቱ በምኩራብ ካየው የአይሁድ ካህናት ቡራኬ የወሰደው ስለሆነ በጥንት የአይሁድ መቃብር ላይ ተቀርጾ ቢገኝ ከተከታታዩ ጋር ግንኙነት የለውም። ከሁሉ ያሳቀኝ ግን ሚስተር ስፖክ የተባለው አስትሮይድ ነው። በ1971 የተገኘው ይህ የጠፈር አለት የተሰየመው በገጸ ባሕርዩ ሳይሆን ያገኘው ሰው በነበረው ድመት ነው፤ በገጸ ባሕርዩ ስም የተጠራው ግን ድመቱ ነበር። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረትም ከዚያ በኋላ በቤት እንስሳ ስም መሰየምን የማያበረታታ ሆነ።

እዚሁ ከተማችን የገጠመኝ ደግሞ በየትኛውም መደብ ለማስቀመጥ አስቸገረኝ። ከፒያሳ ወደ ሰኞ ገበያ የተሳፈርሁበት ባጃጅ የፊት መስታወት ላይ፣ ከጥቅሱና ከአበባው መካከል፣ የኢንተርፕራይዝ ሠራተኞች ደረታቸው ላይ የሚያደርጉት ሹል የወርቅ ምልክት ተለጥፏል። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ «ወንድሜ፣ ይህን ከየት አገኘኸው?» አልሁት።

«ከስቲከር ቤት ነው ጋሼ። ይኸና ንስር ነበር ያለው፤ ንስሩን ሁሉም ስለለጠፈው ይኸን ወሰድሁ።»

«ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ቀስት ነዋ!» ብሎ ሳቀብኝ።

ልጁ ማንንም አልጠቀሰም። ስቲከሩን የቀረጸው ሰው ግን ጠቅሶ ይሆናል፤ ወይም እሱም ከሌላ ቦታ ቅርጹ ስላማረው ብቻ ወስዶት ይሆናል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ በደብተሬ ላይ ለሠሪው አንድ፣ ለለጣፊው አንድ ዓምድ አለ። ይህ ክፍፍል ለፊልምም ጠቀመኝ፤ ጸሐፊው ያሰበውን ተዋናዩ ላያውቀው ይችላልና።

ለብቻው ዓምድ ያወጣሁለት ሌላም አለ። «ቢም ሚ አፕ፣ ስኮቲ» የሚለው ንግግር፣ ማለትም ካፒቴኑ መሐንዲሱን ወደ መርከቡ እንዲመልሰው የጠየቀበት ነው ተብሎ የሚታወቀው፣ በ79ኙ የመጀመሪያ ክፍሎች ውስጥ በዚህ አደራደር አንድም ጊዜ አልተባለም፤ የሚቀራረቡ ንግግሮች ብቻ አሉ። የዋናዎቹን ክፍሎች ሰብታይትል አስፈልጌ ባዶ ሆኖ ሲመለስ ፕሮግራሙ የተበላሸ መስሎኝ ሌላ ቃል ሞከርሁ፤ ይሠራል። እንግዲህ በካርቱን፣ በኮሜዲ፣ በቲሸርት ላይ ይህን ንግግር የሚደግም ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ተከታታዩን ሳይሆን ቀድመውት የጠቀሱትን ነው። እኔም መጀመሪያ ያወቅሁት ከዚያው ወገን ስለሆነ ከዝርዝሩ ልሰርዘው አልፈለግሁም፤ «ምንጩ ጥቅሻ» ብዬ አርዕስት ሰጥቼ ከነሰዓቱና ከነፊልሙ ስም እዚያ እያስገባሁት ነው።