ሰሌን ይዞ የሚገባበት ባሕር፦ ላ ፔሎዛ እና ከፊቱ ያለው ደሴት

ፎቶግራፍ አይቼ ከሄድኩባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ ቅር አሰኝተውኛል፤ ሥዕሉ ላይ ያየሁት ቀለም ቦታው ላይ ስፈልገው ይታጣል። ስለዚህም በጣልያን ሰርዲኒያ ደሴት ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ከስቲንቲኖ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ወደሚገኘው ላ ፔሎዛ የባሕር ዳርቻ ስንሄድ ብዙም ተስፋ አላደረግሁም ነበር። አውቶቡሱ የመጨረሻውን ኮረብታ ዞሮ ባሕሩ ብቅ ሲል ግን አጠገቤ የተቀመጠችው ጓደኛዬ የጀመረችውን ወሬ ሳትጨርስ ዝም አለች። ውሃው ከዳር በኩል ቀለም የሌለው ያህል የጠራ ነው፤ ጥቂት ገባ ሲል ፈዛዛ አረንጓዴ ይሆናል፣ ከዚያ ሰማያዊ ይሆንና ርቆ ይጠቁራል። ወለሉ ደቃቅ ነጭ አሸዋ ስለሆነና ባሕሩ ለረጅም ርቀት ጥልቀት ስለሌለው ብርሃኑ ታች ደርሶ ይመለሳል። እዚህም እዚያም የሚታየው ጥቁር ጥላ ደግሞ ፖሲዶኒያ የሚባለው የባሕር ሣር የበቀለበት ቦታ ነው።

እዚህ ዳርቻ ላይ እንዳሻው ዘው ብሎ የሚገባ የለም። በሙቀቱ ወራት በቀን ከ1,500 በላይ ጎብኚ አይፈቀድም፤ ቦታ የሚያዘው አስቀድሞ በኢንተርኔት ሲሆን፣ ክፍያው ለአንድ ሰው 3.50 ዩሮ ነው፣ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ግን አይከፍሉም። በኦገስት ወር ለመግባት የሚፈልግ ሰው ቀደም ብሎ ካልተነሣ ቦታ ማግኘቱ ያጠራጥራል። እኛ ግን ሴፕቴምበርን፣ ያውም የሥራ ቀንን መርጠን ስለነበር አልተቸገርንም። መግቢያው ላይ ያለው ወጣት ስልካችንን ተመልክቶ እጃችን ላይ የወረቀት አምባር ካሰረልን በኋላ ቦርሳዬን ገረፍ አድርጎ አየና፣ በትሕትና ሆኖም በማያወላዳ ድምፅ «ሰሌንዎስ?» አለኝ።

ሰሌን አልያዝኩም ነበር። ትልቅና ወፍራም ፎጣ ይዤ ስለመጣሁ እንዲያውም የተዘጋጀሁ መስሎኝ ነበር። በላ ፔሎዛ ግን ፎጣ በቀጥታ አሸዋ ላይ ማንጠፍ ክልክል ነው፤ ከሥሩ ሰሌን ወይም አሸዋ የማይይዝ ምንጣፍ መኖር አለበት፣ ያለዚያ ቅጣቱ 100 ዩሮ ነው። ደንቡ ቲኬቱን ስቆርጥ ከፊቴ ተጽፎ ነበር፤ አላነበብኩትም። በዚያ ፀሐይ ሽቅብ ወደ መንገዱ ተመልሼ ከአንድ ሱቅ ሰሌን እየገዛሁ ለራሴ ብዙ አጉረመረምኩ፤ ፎጣዬን የሚቆጣጠር መንግሥት ምን ሌላ ሥራ አጥቶ ነው እስከ ማለት ደርሼ ነበር።

ማጉረምረሙን ያስቆመኝ ራሱ ፎጣው ነው። ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ዋኝታ ስትመለስ እርጥብ ፎጣዋ ሳታስበው ከሰሌኑ ወጥቶ አሸዋው ላይ ለጥቂት ደቂቃ ቆየ። አንሥታ በሰሌኑ ላይ ስታራግፈው የወደቀውን በእጄ ሰበሰብኩት፤ እፍኝ ሞላ። የዚህ ቦታ አሸዋ እንደ ዱቄት የላመ ስለሆነ እርጥብ ጨርቅ ላይ ከተጣበቀ ቶሎ አይለቅም፣ ስለዚህ ሰው ሳያውቀው ተሸክሞት ይሄዳል። ያንን እፍኝ በ1,500 ሰው፣ ከዚያም በሙቀቱ ወራት ቀናት ሁሉ ስናበዛው ሰሌኑ ለምን እንደታዘዘ ይገባናል።

የሚሄደውን አሸዋ የሚተካው ደግሞ ብዙ የለም። ከዳርቻው በስተጀርባ ነፋስና ባሕር ለዘመናት የከመሩት የአሸዋ ኮረብታ ነበረ፤ ባለፈው ምዕተ ዓመት ቱሪዝም ሲስፋፋ አስፋልቱና ሕንፃዎቹ እዚያው ላይ ተሠሩበት። ዛሬ የቀረው በገመድ ታጥሮ ሰው የሚሄደው በእንጨት መረማመጃ ብቻ ነው። የፖሲዶኒያው ነገርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ማዕበሉ የሚተፋው ደረቅ ቅጠል ዳር ላይ ቡናማ ሆኖ ሲከመር ከአጠገባችን የነበሩ ጎብኚዎች ቆሻሻ መስሏቸው ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር፤ የክረምቱ ማዕበል አሸዋውን እንዳይጠርገው የሚከላከለው ግን ያ ክምር ነው። ፖሲዶኒያ አልጌ አይደለም፤ ሥር ያለው፣ አበባም የሚያወጣ፣ እጅግ ቀስ ብሎ የሚያድግ ተክል ነው።

ሳያውቅ ይዞ ከሚሄደው ሌላ ሆን ብሎ የሚሰርቅም አለ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2019 ሁለት ፈረንሳውያን በ14 የፕላስቲክ ጠርሙስ የታጨቀ 40 ኪሎ ግራም ያህል የሰርዲኒያ አሸዋ በመኪናቸው ጭነው፣ ከዚሁ አካባቢ ካለው ፖርቶ ቶሬስ ወደብ መርከብ ሊሳፈሩ ሲሉ ተይዘዋል። የደሴቲቱ ሕግ አሸዋ፣ ጠጠርና ዛጎል መውሰድን ከ500 እስከ 3,000 ዩሮ ያስቀጣል።

ከዳርቻው ፊት ለፊት በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ1578 የተሠራ የድንጋይ ማማ አለ፤ ሰርዲኒያ በስፔን ነገሥታት ሥር በነበረችበት ዘመን ከባሕር የሚመጣ ወራሪ የሚጠበቅበት ነበር። ወደዚያ የሚኬደው በእግር ነው። ውሃው ከቁርጭምጭሚት ተነሥቶ ወደ ጉልበት፣ ከዚያም ወደ ወገብ ይደርሳል፤ እግር ሥር ደግሞ የአሸዋውን ቀለም የመሰሉ ትንንሽ ዓሦች ጥላቸው ብቻ እየታየ ይሸሻሉ። መዋኘት እንደ ነገሩ ለሆነ ሰው፣ እኔን ጨምሮ፣ ከዚህ የተሻለ ባሕር አይገኝም።

ከማማው ሥር ቆሜ ግን ዓይኔን የያዘው ከማዶ የተዘረጋው ትልቁ ደሴት ነው። አዚናራ ይባላል። ስሙን ከጉዞው በፊት አውቀው ነበር፤ ከዚህ ዳርቻ ይህን ያህል ቅርብ መሆኑን ግን አላሰብኩም። እ.ኤ.አ. በ1885 የጣልያን መንግሥት ደሴቱን ለእስረኞች ሰፈርና ከባሕር ለሚመጡ በሽተኞች ለይቶ ማቆያ ሲወስደው፣ እዚያ ይኖሩ የነበሩ 45 ቤተሰቦች ተነሥተው ወደዚህ ማዶ ተሻገሩ፤ ስቲንቲኖን የቆረቆሩት እነርሱ ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ የኦስትሮ-ሃንጋሪ ምርኮኞች እዚያ በኮሌራ አልቀዋል። እኔ ስሙን የማውቀው ግን በሌላ ምክንያት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች ወደ ጣልያን ካጋዟቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን መኳንንትና ቤተሰቦቻቸው ብዙዎቹ የታሰሩት አዚናራ ላይ ነው። ባለቤቷ ደጃዝማች በየነ መርዕድ በጠላት የተገደሉባት የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ፣ ልዕልት ሮማነ ወርቅ ኃይለ ሥላሴ፣ ከልጆቿ ጋር ከግዞተኞቹ መካከል ነበረች፤ በ1933 ዓ.ም. ቶሪኖ ከተማ ውስጥ አረፈች፣ የተቀበረችውም እዚያው ነው።

እነዚያ ሰዎች ከደጋ ተነሥተው የመጡ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ባሕር አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም። እኔ 3.50 ዩሮ ከፍዬ ወገቤ ድረስ የቆምኩበትን ይህንኑ ውሃ እነርሱ ከማዶ ሆነው በአጥርነቱ ነው ያዩት። ጓደኛዬ ምን ሆንክ ብላ ስትጠይቀኝ ታሪኩን ውሃው ውስጥ እንደቆምን ነገርኳት፤ ከጎናችን አንድ ሕፃን በፕላስቲክ ባልዲ ውሃ ይቀዳና መልሶ ያፈሰው ነበር።

እስር ቤቱ ከመቶ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ተዘግቶ፣ አዚናራ እ.ኤ.አ. በ1997 ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። ሆቴል ሳይደረደርበት የቀረው ለዚያን ያህል ዘመን ሰው እንዳሻው ስላልረገጠው ነው፤ ዛሬ በነጭ አህዮቹ ይታወቃል፣ ጎብኚዎችም ከስቲንቲኖ በጀልባ ይሻገራሉ። እኛም ለማግስቱ ቲኬት ቆረጥን።

ወደ ማታ ስንወጣ ሰሌኔን ሁለት ጊዜ አራገፍኩ፣ እግሬንም ታጠብኩ፤ ጠዋት ያጉረመረመ ሰው አልመስልም ነበር። ሌሊቱን ግን ማኤስትራሌ የሚሉት የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ተነሣ። ጠዋት ወደቡ ላይ ስንደርስ ባለ ጀልባው ገና ከሩቅ እጁን አወዛወዘ፤ በዚህ ነፋስ መሻገር የለም አለን፣ ገንዘባችንንም መለሰልን። የቀረን አማራጭ ካፖ ፋልኮኔ በሚባለው የየብስ ጫፍ በኩል በእግር ወደ ኮረብታው መውጣት ነበር። ከላይ ሆነን ስናይ በምዕራብ በኩል ያለው ባሕር አረፋ ለብሶ ይጋጫል፤ ኮረብታውና ደሴቶቹ የጋረዱት ላ ፔሎዛ ግን ያን ያህል አልተነካም፣ ሰዎች እየገቡበትም ነበር። አዚናራ ከማዶ፣ ቁጥቋጦው እስኪለይ ድረስ ቀርቦ ይታያል። ጓደኛዬ ግዞተኞቹ የታሰሩት በየትኛው በኩል እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ በጣቴ ማመልከት አልቻልኩም።