ሌባ ጠባቂዎቹ

ሐምሌ 2014 ዓ.ም.፣ ኖርዊች፣ እንግሊዝ

ትናንት ከሥራ ስወጣ አንድ ባልደረባዬ መኪናው ውስጥ ከተተኝና ወደ ሰሜን ነዳን፣ ትሪሚንግሃም ወደምትባል የባሕር ዳር መንደር። "ንብ በል ወፍ መጥቷል፣ ሳታይ እንዳትቀር" አለኝ። በዚህ የነዳጅ ዋጋ ወፍ ለማየት!

እኔ እንግዲህ የንብ አናቢ ልጅ ነኝ። ጎጃም፣ እኛ ቤት፣ ንብ በል ማለት ሌባ ማለት ነው። ቀፎው አጠገብ ካለው ግራር ላይ ጉብ ትልና ከሜዳ የምትመለሰውን ንብ አንድ በአንድ ትለቅማለች። አባቴ ወንጭፍ አስይዘው ያቆሙን ነበር። መልኳ ያምራል ያለ ሰው ግን ትዝ አይለኝም።

እዚህ ሜዳው በመኪና ተሞልቷል። ሰዉ ተጣጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ፣ ሻዩን በፔርሙዝ ይዞ፣ ቴሌስኮፑን ተክሎ ይጠብቃል። ጎጆዎቹ ያሉት ድሮ አሸዋ ይወጣበት በነበረ ገደል ውስጥ ነው። የወፎች ጥበቃ ማኅበሩ ሰው አቁሞ ያስጠብቃል። ለምን ብዬ ብጠይቅ፣ እንቁላል የሚሰርቅ ሰው ስላለ ነው አሉኝ። ሌባዋን ከሌባ!

ለእነሱ ብርቅ ቢሆንባቸው አይገርምም። ወፏ የደቡብ አውሮፓ ወፍ ናት። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1955 ሳሴክስ፣ በ2002 ደግሞ ደርሃም ጎጆ ሠርታ ነበር፤ ሌላም ጊዜ አልፎ አልፎ። ዘንድሮ ስምንት ሆነው መጥተዋል። ሰሞኑን እዚህ አገር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ ስለነበር፣ ምን አመጣቸው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሙቀቱ ነገር ስለሚያሳስባቸው ጠባቂዎቹም ደስታቸው ሙሉ አይደለም።

አንድ ሽማግሌ "ና በዚህ እይ" ብለው ቴሌስኮፓቸውን ለቀቁልኝ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፏል፣ ፀሐይ ግን ገና አለች። ወፏ የመብራት ሽቦ ላይ ናት። ጉሮሮዋ ቢጫ፣ ሆዷ ሰማያዊ ነው ስትለው አረንጓዴ የሚሆን፣ ጀርባዋ ቀይ ዳማ። ዓይኗ ላይ ኩል የተኳለች ይመስላል። ንብ ይዛለች። መጀመሪያ ሽቦው ላይ ደጋግማ ቀጠቀጠቻት። ከዚያ የንቧን ጅራት ሽቦው ላይ ታሸው ጀመር፣ መርዙ እስኪወጣ። ምንም አልቸኮለችም። ልጅ ሆኜ ይህን ሁሉ ዓመት ስትበላ አይቻለሁ፤ ይህን ግን አላየሁም። በወንጭፍ እያባረሩ ምን ይታያል?

ንቧን ይዛ ገደሉ ላይ ወዳለው ቀዳዳ ገባች። ጎጆዋ ዋሻ ነው፣ አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ። የራሳቸው ጎጆ የሌላቸው ወፎችም ለዘመዶቻቸው ጫጩቶች ያቀብላሉ አሉኝ። ይህን እንኳ ወደድኩት።

በመስከረም እኛ አገር ሰማይ ላይ እየተንጫጩ የሚያልፉት የዚሁ ዘር ናቸው። ሰላም በሉልኝ ልል ነበር። የምዕራብ አውሮፓዎቹ ግን የሚሄዱት ወደ ምዕራብ አፍሪካ ነው፤ ጎጃምን አያዩም። ቅር አለኝ።

ዛሬ ጠዋት አባቴ ጋ ደወልኩ። ጠባቂ ተቀጥሮላቸው ሰው ሊያያቸው ይጎርፋል ብዬ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣

"ሰዉ ቀፎ የለውም እንዴ?" አሉ።

"እዚያ አካባቢስ አላየሁም፣ አባባ።"

"እንዲያ በለኛ!" አሉና ስለ ዝናቡ ያወሩልኝ ጀመር።