የባሌ ዘር ማንዘር

እዚህ እንግሊዝ አገር ለብርዱ ወራት ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ ወዲህ አሥር ሰዓት ተኩል ሲል ድፍን ብሎ ይጨልማል። የምሳ ሳህን ሳላጥብ ሌሊት የሆነ ይመስለኛል። ምክንያት የሌለው ድብርት ነው። የምታውቁኝ ታውቁታላችሁ፣ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ይነሳብኛል። ጓደኛዬ «ቫይታሚን ዲ ዋጪ» ትለኛለች። እውጣለሁ። ዛሬም ልጽፍ የተቀመጥኩት ስለዚሁ ጨለማ ነበር።

ግን ባሌ ሳሎን ኳስ ያያል፣ እኔ ደግሞ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የአያቱን አያት እያሳደድኩ ነው። ለነገሩ እሱ ግድም የለው። «ሞተዋል እኮ» ይላል። የባሰብኝ እኔ ነኝ። ከጎጃም ድረስ መጥቼ ዶርሰት የሚሉት የእንግሊዝ አውራጃ (እነሱ ካውንቲ ይሉታል) ድሃ ዘር የምቆጥር።

ነገሩን ያመጣችው አክስቱ ናት። ነፍሷን ይማርና፣ «የኛ ሰዎች ከቶልፐድል ሰማዕታት ጋር ነበሩ» ማለት ትወድ ነበር። ቶልፐድል ዶርሰት ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት። በ1834 (ካልነገርኳችሁ በስተቀር ዓመቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው) ስድስት የእርሻ ሠራተኞች ማኅበር አቋቁመው በምስጢር ተማማሉ ተብለው ተከሰሱ። ሰባት ሰባት ዓመት ተፈርዶባቸው በመርከብ ወደ አውስትራሊያ ተጋዙ። የሳምንት ደሞዛቸው ሰባት ሽልንግ ደርሶ፣ ወደ ስድስት ሊወርድ ነው ሲባሉ ነበር ማኅበሩን ያሰቡት። አገሩ ጮኸላቸውና በ1836 ምሕረት ተደረገላቸው። ዛሬ እዚያ አካባቢ «ዘመዴ ከነሱ ጋር ነበር» የማይል ሰው ያለ አይመስለኝም። እኛ ዘንድ ቅድመ አያቱ አድዋ ያልዘመተ ሰው አለ እንዴ?

የስድስቱ ስም የታወቀ ነው፣ የኛ ሰው የለበትም። የአያቱ አያት ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ጆን ልበለው። መቼም ያን ጊዜ ጆን ያልተባለ ያለ አይመስልም። አባትየው ከዚያ ብዙም በማይርቅ መንደር የሰው ፈረስ ጠምዶ የሰው መሬት ያርሳል። ጭጭ ብሎ።

ጆንን መጀመሪያ ያገኘሁት ቆጠራው ላይ ነው። እንግሊዞች ከ1801 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ይቆጥራሉ፤ በየቤቱ ያለውን ሰው በስም መዝግቦ ያስቀረልን ግን የ1841ዱ ነው። እሱም ጥድፊያ በጥድፊያ ነው። ከ15 ዓመት በላይ ያለውን ሰው ዕድሜ ወደ ታች እያጠጋጋ በአምስት በአምስት ይጽፈዋል። 44 ዓመት የሆነው ሰው 40 ይባላል። የት ተወለድክ? የሚለው መልሱ «እዚሁ ካውንቲ ነው» ወይም «አይደለም»፣ አለቀ። የሥራው ዓምድ ደግሞ ከላይ እስከ ታች አንድ ነው፦ አግ ላብ፣ አግ ላብ፣ አግ ላብ። የእርሻ ሠራተኛ ለማለት ነው። ብዙ ስለሆኑ ቆጣሪው እንዳይደክመው በአጭሩ እንዲጽፍ ተፈቅዶለታል።

በ1851 ጆን 25 ዓመቱ ነው፣ አግብቷል። ሚስቱ «ቁልፍ ሠሪ» ተብላለች። ይሄ ደስ አለኝ። የዶርሰት ሴቶች ትንሽ ቀለበት ላይ ክር እየጠመጠሙ የልብስ ቁልፍ ይሠሩ ነበር። የባል ደሞዝ የማይደርስበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ይኸው ነው። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ታላቁ ኤግዚቢሽን ተከፈተና የቁልፍ መሥሪያ ማሽን ለዓለም ታየ። ሙያው ድራሹ ጠፋ። በ1861 ቆጠራ የሚስቱ ዓምድ ባዶ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሆነው ታላቁ ልጃቸው ግን ሥራ ይዟል፦ ወፍ ጠባቂ። ወፍ ሲጠብቅ ያደገ ልጅ እኔም ሞልቶኛል፣ በመንግሥት መዝገብ ሥራ ተብሎ የተጻፈለት ግን አላጋጠመኝም።

የጋብቻ ወረቀታቸውም ተገኝቷል። ሁለቱም መፈረም ስለማይችሉ የኤክስ ምልክት አድርገዋል። የሁለቱም አባት ስምና ሥራ አለ። የእናት የለም። እንግሊዝ አገር የሙሽሮች እናት ስም የጋብቻ መዝገብ ላይ መግባት የጀመረው በ2021 ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? ትናንት ማለት እኮ ነው! ለባሌ ስነግረው «እናንተስ?» አለኝ። እኛም ያው በአባት ነው የምንጠራው፣ ዝም አልኩ።

ጆን እንደ አባቱ አርሶ አርሶ አረጀ። የገጠር ሠራተኛው ድምፅ እንዲሰጥ የተፈቀደው በ1884 ሕግ ነው፣ ያኔ 58 ዓመቱ ነበር። መርጦ ይሆን? በ1901 ቆጠራ ወርክሃውስ በሚሉት የድሆች መጠለያ ውስጥ ነው ያገኘሁት። መጠለያ ማለት እንኳ ይከብደኛል። ሰው እንዳይመጣ ሆን ተብሎ የሚያስጠላ ተደርጎ የተሠራ ቤት ነው፤ ባልና ሚስት ለየብቻ የሚያድሩበት። ከስሙ ፊት ለፊት «ችግረኛ፣ ቀድሞ የእርሻ ሠራተኛ» ይላል። እዚያው ጃንዋሪ 31 ቀን 1903 ሞተ። ዕድሜው 70 ለሞላ ችግረኛ በሳምንት አምስት ሽልንግ ጡረታ መከፈል የጀመረው በ1909 መግቢያ ላይ ነው። ስድስት ዓመት ቀድሞ መሞት! ይህን ሳይ ተናድጄ ተነስቼ ሻይ አፈላሁ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ጆን አይደለም፣ አባቱ ነው።

በድሮው ሕግ ድሃ ቢቸግረው የሚረዳው «የአገሩ» አጥቢያ ነበር። ስለዚህ አገርህ የት ነው የሚለው የገንዘብ ጥያቄ ነው። የአጥቢያው ሹሞች ሸክም ሊሆንብን ነው ያሉትን ሰው ሁለት ዳኞች ፊት አቁመው ያስምሉታል። የት ተወለድክ? ማን ቤት ተቀጠርክ? በስንት? ዓመቱን ሞልተሃል ወይስ አጉድለሃል? ሚስት ሳያገባ ዓመት ሙሉ አንድ ጌታ ቤት ያገለገለ ሰው የዚያ አጥቢያ ሰው ይሆን ነበርና፣ ብልጣብልጥ ባለ እርሻዎች ለ51 ሳምንት ብቻ ይቀጥሩ ነበር። አንዷን ሳምንት በልተው። ክፋትም እንዲህ በሒሳብ ሲሆን ይገርማል።

የጆን አባት በ1829 እንዲህ ተመርምሯል። ዶርቸስተር ያለው የካውንቲው መዝገብ ቤት ሄጄ ቃሉ የተጻፈባትን ወረቀት በዓይኔ አይቻታለሁ፣ አንድ ገጽ አትሞላም። የተወለደበትን መንደር ከአባቱ አፍ እንደሰማ ይናገራል። በ17 ዓመቱ በሚካኤል በዓል (የነሱ ሚካኤል ሴፕቴምበር 29 ነው) ለአንድ ባለ እርሻ ተቀጠረ። ምግብና መኝታ፣ ከዚያ ላይ ለዓመቱ አራት ፓውንድ። ዓመቱን ሞላ። ከዚያ ወዲህ በቀን ሥራ ነው የኖረው፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ። ሚስት አለው፣ ሦስት ልጆች አሉት። ታሞ ሥራ ስለፈታ ነው እርዳታ የጠየቀው። መጨረሻዋ ላይ ኤክስ።

ሰውዬው በሕይወቱ ተናግሮ የቀረለት ይህ ብቻ ነው። ያውም ተጠይቆ። ከዚያ ቤተሰቡ በጋሪ ተጭኖ በ17 ዓመቱ ወዳገለገለበት አጥቢያ ተላከ። ሚስቱ ያን መንደር አይታው ይሁን አይሁን ማንም አልጠየቃትም። የሦስት ዓመቱ ጆን ጋሪው ላይ ነው።

ይህን እያነበብኩ አያቴ መጡብኝ። ማታ ማታ ዘር ያስቆጥሩን ነበር። እስከ ሰባት ቤት ሳንደነቃቀፍ። እሳቸው ደግሞ ሰባቱን አልፈው እስከ አቅኚው አባት ይወጣሉ። ልጅ ሆኜ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሱም አለበት፣ ዋናው ግን ርስት ነው። ጎጃም መሬት የሚያስገኘው አገሩን ካቀናው አባት መወለድህ ነው፣ በእናትም ይሁን በአባት። ቆጥሮ ማስረዳት ያቃተው ሙግት ይረታል። አያቴ ዕድሜ ልካቸውን ተሟግተዋል። በ1967፣ በኛ አቆጣጠር፣ አዋጁ መጥቶ ርስቱ ሲቀር እሳቸው መቁጠሩን አልተዉም። አፋቸው ለምዶታል።

እሳቸውም እንግዲህ ዳኛ ፊት ቆመው ነው የተናገሩት። አያቴ «ድርሻ አለኝ» ለማለት፣ የጆን አባት የማን ዕዳ እንደሆነ እንዲታወቅ። ሌላው ሁሉ አንድ ነው፦ የማን ልጅ ነህ፣ የት ነበርክ፣ ማን ያውቅልሃል።

እኛ ቤት ግን ማንም ያልጠየቀው ሰው ነበር። ከብት ጠባቂው አያሌው። እሽኮኮ አድርጎ ወንዝ ያሻግረኝ ነበር። አያሌው ብቻ። የአባቱን ስም ማንም ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። ከየት መጣ? በዓመት ስንት ነበር የሚሰጠው? ጋቢ እንደሚገዛለት አውቃለሁ፣ ሌላውን እንጃ። አያቴ ዘር ሲያስቆጥሩን በሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያዳምጥ ነበር። የኛን ዘር ከኛ በላይ ያውቀዋል፤ ስንሳሳት እሱ ነበር የሚያርመን። የራሱን ቁጠር ያለው ሰው ግን ትዝ አይለኝም።

ሞቶ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የሆነው የባሌ ዘመድ በልጅነቱ ስንት ይከፈለው እንደነበር በፓውንድ አውቃለሁ። ያዘለኝን ሰው የአባቱን ስም አላውቅም።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ባሕር ዳር መሽቶ ነበር፣ ከእንቅልፉ ነው ያነሳሁት። ደንግጦ «ምነው? ምን ሆናችሁ?» አለ።

«የአያሌው የአባቱ ስም ማነው?»

«የቱ አያሌው?»

«የኛው አያሌው!»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «በዚህ ሌሊት ለእሱ ነው የደወልሽው?» አለኝ። አያውቅም። እማዬ ብትኖር ታውቀው ነበር አለ። ምናልባት እትዬ ያውቁ ይሆናል፣ ግን ጆሯቸው ደክሟል፣ በስልክ አይሰሙም፣ ሄዶ መጠየቅ ነው። ሂድና ጠይቅልኝ አልኩት። «አውቀሽስ ምን ልታደርጊ ነው? ርስት ልታካፍዪው?» አለ። ሄደም አልሄደም አላለኝም። ስለ ጆን ስነግረው ጭራሽ ሳቁን ለቀቀው። «ታዲያ ለሱ ተዝካር አታወጪለትም?» ብሎ ዘጋብኝ።

የሰው ልብ ያደርቃል። ሌሊቱን ግን ቁጭ ብዬ የጆንን የሞት ቀን ወደኛ አቆጣጠር መለስኩት። ጥር 23 ቀን 1895። ጊዮርጊስ! ያውም የእንግሊዝም ጠባቂ ጊዮርጊስ። ለወንድሜ አልነገርኩትም፣ ዓመቱን ሙሉ ነው የሚስቅብኝ። ጥር ላይ ድፎ ዳቦ ብደፋ ግን ለጊዮርጊስ ነው እላለሁ፣ ማን ያውቅብኛል?